ስለ ዘመድ ጥየቃና ስለ ቀጠሮ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ጭቃው ሲደርቅና ዐደይ አበባ በየመስኩ ሲፈነዳ ያገራችን ሰው ልቡ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ስንቈጥር፣ መምህራችን የዓመቱን አራት ክፍል በጣታችን እያስቈጠሩ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መፀው ይባላል ብለው አስተምረውናል። በኋላም ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን የፈረንጆቹን ወራት ስንማር፣ ይኸው ጊዜ በእነርሱ አገር ቅጠል የሚረግፍበት መሆኑን ሰምተን እጅግ ተደነቅን። ለኛ የአበባ ወራት የሆነው ለእነርሱ የርግፈት ወራት ነውና።

በዚህ ወራት ዘመድ መጠየቅ የተለመደበት ምክንያት ግልጥ ነው። በክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይበላሻል፣ ገበሬውም ከእርሻውና ከአረሙ አይለይም። ኅዳር ከገባ በኋላ አጨዳው፣ ቀጥሎም ውቂያው ይመጣል። በጥር ሠርግ ይበዛል፣ ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾም ይገባል። እንግዲህ በእንቍጣጣሽና በአጨዳው መካከል ያለው ጥቂት ጊዜ ለዘመድ የተተወ ነው ማለት ይቻላል። አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው እንቍጣጣሽንና መስቀልን የመገናኛ በዓል አድርገው ኑረዋል።

በዚህ ዓምድ ስለ ቤተ ሰብ ነገር ስንጽፍ ከሌሎች ካየነውና ከሰማነው ምክር እናቀርባለን። ዛሬ ግን ምክሩን የምናቀርበው ከገዛ ጥፋታችን ነው። ይኸውም ጥፋት ከሥራችን ጋር የሚገናኝ ስለ ሆነ አስቀድመን ሥራችንን እንናገራለን።

የኛ ሥራ የችሎት ጸሐፊነት ነው። በቀን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደጋግመን የምንጽፈው ቃል ቀጠሮ የሚለው ነው። ዳኛው ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን፤ ባለ ጉዳዩም ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከቶ ይሄዳል። ምስክር ሳይቀርብ ሲቀር ተለዋጭ ቀጠሮ ብለን እንጽፋለን። ባለ ጉዳዩ በዚያ መካከል እንዴት እንደሚከርም ግን በመዝገቡ ላይ አይጻፍም፣ እኛም አንጠይቅም። ከብዙ ዘመን ልማድ የተነሣ ሰው ሁሉ እንደ መዝገብ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ቀኑን የሚጠብቅ ይመስለን ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. የመፀው ወራት ነው። አንባቢዎቻችን እንደምታስታውሱት በ1990 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ነበር። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጄርስ የሰላም ውል ቢፈረምም ድንበሩ እንደ ተዘጋ ቀረ። መንገዱም ስልኩም አውሮፕላኑም ተቋርጦ እስከ ሃያ ዓመት ድረስ ቆየ።

የባለቤታችን አገር አዲግራት ነው። አማታችን፣ ልጆቻቸው በትግርኛ አደይ ብለው የሚጠሯቸውና እኛም እንደ ልጆቻቸው አደይ ያልናቸው፣ በዚያው በአዲግራት ይኖሩ ነበር። የባለቤታችን ታላቅ እኅት፣ በቤታችን እትዬ የምንላቸው፣ በአዲስ አበባ ትዳር ይዘው ይኖሩ ነበር። የጦርነቱ ጊዜ ሲመጣ ባለቤታቸው የአሥመራ ሰው ስለ ነበሩ ቤተ ሰቡ ተነቅሎ ወደ አሥመራ ሄደ። ከአዲግራት ማልዶ የተነሣ ሰው በዛላምበሳ በኩል አድርጎ በዚያው ዕለት አሥመራ ይገባል። እናትና ልጅ ግን በዚህ ቅርበት ላይ ሁነው ሃያ ዓመት ሳይተያዩ ኖሩ። ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማንስ እንደ ሞተ የሚሰማው በሦስተኛ አገር በሚኖሩ ዘመዶች አፍ ነበር። ይህም ወሬ አንዳንድ ጊዜ መንፈቅ ዘግይቶ ይደርስ ስለ ነበር፣ አደይ የሞተውን አማቻቸውን ደኅና ነውን እያሉ ብዙ ጊዜ እንደ ጠየቁ እናስታውሳለን።

በሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች በአሥመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። በዚያው ሰሞን የስልኩ መሥመር ተከፈተ። በሐምሌ 11 ቀንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ አሥመራ በረረ። ባለቤታችን እኅቷን በስልክ ያገኘች ዕለት ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ቃል አልተናገሩም። በመጨረሻ እትዬ «አደይ አሉ?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታችን «አሉ» ብላ መልሳ ገና ሁለተኛውን ቃል ሳትጨምር የስልኩ ሒሳብ አለቀ። እኛም በቤት ልብስ እንደ ሆንን ካርድ ፍለጋ ወደ ሱቅ ሮጥን።

በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ የቡሬና የዛላምበሳ መንገዶች ተከፈቱ። ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ጀመር። እትዬ በመስከረም 4 ቀን ማልደው ከአሥመራ ተነሥተው ማታ አዲግራት ደረሱ። መምጣታቸውን ለማንም አልተናገሩም ነበር። ከእናታቸው ደጅ ቁመው ቢጣሩ፣ አደይ ከውስጥ ሁነው «ግቢ፣ ውሻው ታስሯል» አሏቸው። ወደ ገበያ ወጥታ የዘገየች ልጅ የሚቀበሉ ይመስሉ ነበር። እትዬ በኋላ «ሳያዩኝ ድምፄን እንዴት ለዩት?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ አደይ «ማታ ማታ የምጠብቀው ድምፅ ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል?» ብለው መለሱላቸው።

የዚያ ዓመት ሥራ የበዛበት መፀው እንዲህ ተጀመረ። የፍርድ ቤቱ የክረምት ዕረፍት ገና አልተፈጸመም ነበርና በመስከረም 13 ቀን ከባለቤታችንና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ባውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሣን። በደብረ ብርሃንና በደሴ አልፈን ወልድያ አደርን። በማግሥቱ ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣውን የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥተን፣ በማይጨውና በአምባ አላጌ በኩል መቀሌ ገባን። በሦስተኛው ቀን በውቅሮና ብርዱ ከሚያይልባት ከእዳጋ ሐሙስ አልፈን አዲግራት ደረስን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገብስ ገና አረንጓዴ ነበር። አውቶቡሱም እናቱን ወይም ወንድሙን ሊያይ በሚሄድ ሰው የተሞላ ስለ ነበር፣ የማይተዋወቀው መንገደኛ ሁሉ ስንቁን እየተካፈለ ይጫወት ነበር።

በመስከረም 16 ቀን የደመራው ዕለት ማታ በአደይ ቤት ለራት የተቀመጥነው 23 ነፍስ ነበርን። የቀረበውም ያገሩ ምግብ ጥሕሎ ነው። ይኸውም የተቈላ ገብስ ዱቄት ተለውሶና ተድቦልቡሎ፣ ባላ ባለው ቀጭን እንጨት እየተወጋ በሥጋ ወጥ የሚበላ ነው። ልጆቻችን የአክስታቸውን ልጆች የዚያን ዕለት መጀመሪያ አዩ። የኛዎቹ ትግርኛ በቅጡ አያውቁም፣ የእነርሱም አማርኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ተፋጥጠው ከቈዩ በኋላ አንደኛው ኳስ አመጣና በዚያው ተግባቡ። አደይም የልጅ ልጆቻቸውን በየተራ በጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ፣ ይህ የእገሌ አፍንጫ ነው፣ ይህ የእገሌ ግንባር ነው እያሉ የሞቱትን አባቶች በልጆቹ ፊት ላይ ሲፈልጉ አመሹ።

በመስከረም 20 ቀን ከእትዬ ጋር ወደ አሥመራ ለመሄድ መኪና ተከራየን። ዕቃው ተጭኖ ልንነሣ ስንል አደይ ነጠላቸውን አጣፍተውና በትራቸውን ይዘው ከደጅ ተገኙ። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ምክንያታቸውም በአሥመራ የልጅ ልጃቸው በነሐሴ ወር ሕፃን ወልዳ፣ እርሷም አራስ ስለ ሆነች፣ ሕፃኑም ጨቅላ ስለ ሆነ ወደ አዲግራት መምጣት ስላልቻሉ ነው። የአራተኛ ትውልዳቸውን ሕፃን በእጃቸው ሊይዙ ፈለጉ።

እኛም በጊዜው መልካም የመሰለንን ተናገርን። መኪናው በሰባት ሰው ሞልቷል፣ መንገዱ ያደክምዎታል፣ የበዓሉም ድካም አልለቀቀዎትም አልን። ደግሞም የእትዬ ታናሽ ልጅ ሠርግ በጥር ስለ ሆነ ያን ጊዜ ምቹ መኪና ይዘን መጥተን በክብር እንወስድዎታለን ብለን ተስፋ ሰጠን። አደይ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ቀጠሮ ሰጣችሁኝ» አሉ። «እኔ ቀጠሮን ዐውቀዋለሁ። ስለ እርሻዬ ድንበር ተካስሼ አምስት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። በቀጠሮው ቀን ወይ ዳኛው የለም፣ ወይ ምስክሩ ሞቷል።» በዚያ የነበረው ሁሉ ሣቀ። እኛም የሥራችን ነገር በመነሣቱ ከሁሉ ይልቅ ሣቅን። በትራቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ወደ አሥመራ ያደረግነው ጉዞ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በዛላምበሳ ጤፍና ሲሚንቶ የጫኑ መኪናዎች ወደ ሰሜን ሲያልፉ፣ በመንገዱ ዳር ብርና ናቅፋ የሚመነዝሩ ሰዎች ተቀምጠው፣ ከሁለቱም ወገን የመጡ ሰዎች ተቃቅፈው ሲላቀሱ አየን። ከዚያ ወዲያ በሰንዓፈና በዓዲ ቀይሕ አልፈን ትልልቅ የዳዕሮ ዛፎች ወዳሉበት ወደ ሰገነይቲ ደረስን። በደቀምሐረ በኩል አድርገን ከመምሸቱ በፊት አሥመራ ገባን። ይህች ከተማ ስለ ሕንፃዎቿ ውበት በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈች ናት። በ1930 ዓ.ም. የተሠራውን፣ እንደ አውሮፕላን ክንፉን የዘረጋውን የፊያት ታሊዬሮን የቤንዚን ማደያ ልጆቻችን ከበው ሲመለከቱ ቈዩ። ማታም ሰው ሁሉ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በሰፊው ጐዳና ላይ በዝግታ ሲመላለስ አይተን እኛም እንደ እነርሱ ተመላለስን።

አንድ ቀን ደግሞ ወደ ምጽዋ ወረድን። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ እስከ ባሕሩ ያለው የ115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋው ወደ ሐሩሩ የሚጥል ነው። በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል ስንወርድ ካፖርታችንን፣ ቀጥሎም ኮታችንን አወለቅን። ታናሹ ልጃችን ባሕር አይቶ ስለማያውቅ ውኃውን በእፍኙ ዘግኖ ቀመሰና ፊቱን አጨማድዶ «ማን ነው ጨው የጨመረበት?» አለ። እትዬ እንደዚያ ሲሥቁ ያየናቸው በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ሕፃኑንም ባለቤታችን ታቅፋ ፎቶግራፍ ተነሣች። በመመለሳችን ጊዜ ፎቶግራፉን ለአደይ ብናሳያቸው፣ ወደ ዓይናቸው አቅርበው ካዩ በኋላ «ምን ያህል ይከብዳል?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ ፎቶግራፉ መልስ አልነበረውም።

በጥቅምት 20 ቀን ደግሞ እትዬ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው በቤታችን 12 ቀን ተቀመጡ። በዚያ ሰሞን ከአዲግራትና ከመቀሌም የመጡ ዘመዶች ስለ ነበሩ በሦስት ክፍል ቤት ውስጥ 11 ሰው አድሯል። ወደ እንጦጦ ወጥተን ከተማውን ከላይ አየን። በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ተመለከትን። አንድ እሑድም ወደ ቢሾፍቱ ሄደን በሐይቁ ዳር ምሳችንን በላን። እትዬ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቀድሞ የኖሩበትን ሰፈር ለማየት ይጓጉ ነበር። ብንሄድ ቤታቸው ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቁሟል። ነገር ግን አንዲት የቀድሞ ጐረቤታቸው ከአጥሩ ማዶ አይታቸው በስማቸው ጠራቻቸው። ወደ ቤቷ አስገብታ ቡና ስታፈላ፣ ሲኒዎቹ የተደረደሩበት ረከቦት እትዬ በጥድፊያ ሲሄዱ ትተውት የሄዱት ነበር። ጐረቤቲቱም «አደራሽን ሳልነካው ባስቀምጠው ይደርቅና ይሰነጠቅ ነበር፤ ስለዚህ በየቀኑ እየሠራሁበት ነው ያቈየሁልሽ» አለች። እትዬ ረከቦቱን አልወሰዱም፤ እዚያው ይሥራ ብለው ተዉላት።

ስለዚህ መስተንግዶ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። እኛ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጠን ስንጫወት ባለቤታችን ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ትጋግር፣ ቀን ወደ ሥራዋ ትሄድ፣ ማታ ደግሞ አልጋ ታነጥፍ ነበር። በሰባተኛው ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ቁማ ስታንቀላፋ አገኘናት። እንግዳ የሚወድ ቤት የሚባለው ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት የማትተኛበት ቤት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ልጆቻችን ዕቃ እንዲያጥቡ፣ እኛም ገበያውን እንድንወጣ ተስማማን። ይህንም ቀድሞ ማድረግ ይገባን ነበር።

እትዬ በኅዳር ወር መጀመሪያ ሲመለሱ በአዲግራት አድረው በስልክ ጠሩን። «አደይን አሁን ይዣቸው ልሂድን?» ብለው ጠየቁን። አደይ በዚያን ሰሞን ጥቂት ሳል ይዟቸው ነበር። የአሥመራም ብርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ይጠነክራል። ስለዚህ እኛ፣ ጥር ሩቅ አይደለምና ይቈዩ ብለን መለስን። በችሎት ቋንቋ ተለዋጭ ቀጠሮ ሰጠን ማለት ነው።

በታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ በዛላምበሳ በኩል ያለ ፈቃድ ወረቀት ማለፍ ተከለከለ። መንገዱ ለሰው ሁሉ ክፍት ሁኖ የቈየው ከመቶ ቀን ጥቂት ቢበልጥ ነው። የመፀው ወራት እንኳ ገና አልተፈጸመም ነበር። ከዚያ በኋላ በሑመራና በኡምሐጀር መካከል ያለው መንገድ ቢከፈትም፣ እስከ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ድረስ መተላለፊያዎቹ ሁሉ ተዘጉ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ባለቤታችን በአውሮፕላን ሄዳ ተገኘች። አደይም በአውሮፕላን እንዲሄዱ ብዙ ለመንናቸው። እርሳቸው ግን ከመቀሌ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ መብረር እንደሚያስፈልግ በሰሙ ጊዜ «ከደጄ ያለውን አገር በሸዋ ዞሬ አልገባበትም፤ መንገዱ ሲከፈት በመንገዱ እሄዳለሁ» ብለው እንቢ አሉ። በዚህ ተስፋ ቈይተው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያን ወራት በኮሮና በሽታ ምክንያት አውሮፕላንም ቁሞ ስለ ነበር፣ እትዬ መርዶውን በአሥመራ ሁነው በስልክ ሰሙ። ሕፃኑ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። አደይ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳያውቁ ቀሩ።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታችን የእናቷን ሣጥን ስትከፍት በነጭ ጨርቅ በጥንቃቄ የተቋጠረ የጥሕሎ ዱቄት አገኘች። የቤት ሠራተኛዋን ብንጠይቃት፣ አደይ ዱቄቱን ለአሥመራ መንገድ ብለው እንዳስፈጩት፣ ነቀዝ እንዳይገባበትም በየጊዜው እያስወጡ አዲስ ያስፈጩ እንደ ነበር ነገረችን። መጨረሻ የተፈጨው በሰኔ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ብዙ ቤተ ሰብ የዘመዱን ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ከረመ። በነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራውን አቋረጠ። መንገድን የሚከፍትና የሚዘጋ እኛ አይደለንም። ጦርነትና በሽታ በኛ ትእዛዝ አይመጡም፣ በኛም ትእዛዝ አይሄዱም። ስለዚህ በዚህ ነገር ራሳችንን የምንወቅሰው በዚህ አይደለም። የምንወቅሰው ስለ መኪናው ነው። በዚያ መኪና ከተቀመጥነው ሰባት ሰዎች አንዳችን መውረድ እንችል ነበር። እኛ አዲግራት ቀርተን አደይ በቦታችን ቢሄዱ ኑሮ፣ እኛ የምናጣው የምጽዋን ባሕር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለተከበራችሁ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። መጀመሪያ፤ ያረጀ ሰው ልሂድ ወይም ውሰዱኝ ሲል፣ ምቹ ቀን እስኪገኝ ብላችሁ አታቈዩት። ምቹ ቀን የሚባለው ለኛ የሚመች ቀን ነው እንጂ ለእርሱስ የተመቸው የጠየቀበት ቀን ነው። ሁለተኛ፤ ስጦታ እስኪገዛ፣ ቤት እስኪታደስ፣ ድግስ እስኪደገስ ብላችሁ ጥየቃውን አታዘግዩ። እትዬ በመስከረም 4 ቀን ባዶ እጃቸውን መጥተው ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ በዚያ ቤት አልገባም። ሦስተኛ፤ እንግዳ ስትቀበሉ ድካሙን በቤቱ እመቤት ላይ ብቻ አትጣሉ፤ እርሷ ከተሰለቸች በሚቀጥለው ዓመት በሩ ይጠብባል። አራተኛ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዘመድነት በስም ብቻ ሲነገር ለልጅ ተረት ይመስለዋል፤ አብሮ ኳስ ከተጫወተ ግን አይረሳውም። የኛ ልጆች እስከ ዛሬ የአክስታቸውን ልጆች በየስማቸው እየጠሩ ያነሷቸዋል።

በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን ሥራ በዛብን እንደምትሉ እናውቃለን፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከልምዳችን እንደምንመሰክረው፣ መዝገቡ ሳምንት ቢቈይም በመደርደሪያው ላይ ይገኛል። በችሎት ፊት የሚቆሙት ወንድማማቾችም ብዙዎቹ፣ ብንጠይቃቸው፣ ከክሱ በፊት ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው ሳይጠያየቁ የቈዩ ናቸው። ዘመድ በዘመዱ ቤት ቡና ሲጠጣ ያልተፈታው ነገር በኛ መዝገብ ሲፈታ እምብዛም አላየንም።

አሁን ደግሞ ዝናቡ አቁሟል፣ መንገዱም ደርቋል። ከኛ ታላቅ የሆነው ወንድማችን በቢሾፍቱ ይኖራል፤ ከፋሲካ ወዲህ አላየነውም። ባለፈው ሳምንት በስልክ «መቼ ትመጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ቀን ልንነግረው አፋችንን ከከፈትን በኋላ የአደይ ነገር ትዝ አለን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ሰጥተን፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብለን፣ ዛሬ ማታ እንሄዳለን። ለእናንተም መልካም የመፀው ወራት እንዲሆንላችሁ እንመኛለን።